በዝርዝሬ ውስጥ ያልነበረው ቃል

በጡረታ የተሸኘሁ ቀን አለቃችን ንግግር አደረገ። «ወይዘሮ ጥሩነሽ የፕሮግራሞቻችንን ጥራት ሲጠብቁ ኖረዋል» አለ፤ ሰው አጨበጨበ፤ ኬክ ተቆረሰ፤ ብርድ ልብስ ተሰጠኝ። ከባቢሌ የመጣችው እህቴ ብርድ ልብሱን እየዳሰሰች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ለመሆኑ ሥራሽ ምን ነበር?» አለችኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር የምጠግን ይመስላት ነበር።

«የሌለ ነገር ስፈልግ ነው የኖርኩት» አልኳት።

«ደሞዝ የሚከፍሉሽ ለዚህ ነው?» አለች። አልፈርድባትም። እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበር ያልኩት።

እንግዲህ ላስረዳ። አንድ ፕሮግራም ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ አጫጭር ትእዛዞች ይጻፉለታል፤ የቢሮው ልጆች ቴስት ይሏቸዋል። ፕሮግራሙ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ አረንጓዴ ያሳያል፣ ሲወድቅ ቀይ። አብዛኛው ቴስት የአንድን ነገር መኖር ነው የሚጠይቀው፤ ስሙ አለ ወይ፣ ቀኑ አለ ወይ እያለ። የእኔ ድርሻ ግን ተቃራኒው ሆነና አለመኖሩን ስጠይቅ ኖርኩ። ይህ ዝርዝር ከሕክምና የተሰናበተ ሰው አልያዘም። ይህ መልእክት የበሽታ ስም አልያዘም። «አልያዘም» የሚሉ ቴስቶች ስጽፍ ዕድሜዬ አለቀ ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በፊት ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። በካርድ ክፍል መስኮት የማያልፍ የሰው ጉድ የለም። እኛም ወግ ነበረን፤ በወረፋ ፊት የሰው በሽታ በስሙ አይጠራም። የሳንባ ሕመምተኛ ሲመጣ ካርዱን አንስተን «ዘጠኝ ቁጥር ይሂዱ» እንለው ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የማስተምረው ይህን ነበር፤ በጨዋነታችንም እኮራ ነበር። ከዚያ ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገባና እኛ ትርፍ ሆንን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔን ግን ወረቀቱ ራሱ ለቀቀኝ።

ጊዜው 2011 ነበር። ከተማው ቤት ሲቃጠልና ሰው ሲገደል ካየበት ካለፈው ክፉ ክረምት ድንጋጤ ገና አላገገመም፤ ዘመዶቼ «ጠቅልለሽ ነይ» እያሉ ይወተውቱኝ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ክረምት ደጄ ላይ ቆማ ከጥቃት ጠብቃ ያሳደረችኝን ሶማሌ ጎረቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ። ያኔ ነው ከአንድ ጨርቅ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ለጤና ጣቢያዎች ፕሮግራም የሚሠራ ቢሮ የተከፈተው። የካርድ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበርና ገባሁ። የቅጥሩ ወረቀት ሦስት ማኅተም ፈለገ፤ ደሞዙ ከበፊቱ ትንሽ ይሻል ነበር።

ያስተማረችኝ ሂቦ ናት። የጅግጅጋ ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፤ ልጅ ብወልድ ከእሷ ትበልጥ ነበር። እኔን «ኤዶ» ትለኛለች፣ በሶማልኛ አክስቴ ማለት ነው። እኔ «አለቃዬ» ስላት ትስቃለች። አማርኛዋ በተረት የተሞላ ነው፤ አንዳንዱን ተረት ከእሷ ነው የሰማሁት። አንድ ልማድ ነበራት። እኔ ስሠራ ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር ከትታ ትቀመጥባቸዋለች፤ የእኔን ኪቦርድ ላለመንካት። ስሳሳት እግሯ ይወዛወዛል እንጂ እጇ አይመጣም። አንዲት ፊደል ፍለጋ ስዳክር «አንቺ እኮ ብትነኪው በሴኮንድ ያልቃል!» ብዬ ጮህኩባት። «አዎ፣ ከዚያ ነገም እኔ ልነካው ነው» አለችኝ።

የመጀመሪያ ቴስቴን አልረሳውም። ሕክምናውን ጨርሶ የተሰናበተ ሰው በነገ ቀጠሮ ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ ነው። አብዲ የሚባል ተሰናባች ፈጠርኩና «ዝርዝሩ አብዲን አልያዘም» ብዬ ጻፍኩ። አረንጓዴ ሆነ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም፤ ሻይ ላዝዝ ተነሳሁ።

«ቁጭ በይ ኤዶ» አለችኝ። «አሁን ዝርዝሩን ባዶ አድርጊው። አንድም ሰው አይኑርበት።»

አደረግኩ። አሁንም አረንጓዴ።

«አየሽ? ፕሮግራሙ አንድም ሰው ሳያወጣልሽ ጎሽ እያለሽ ነው። ባዶ ቤት ገብተሽ ሌባ የለም ብትዪ ማን ያመሰግንሻል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ሳላደርግ «አልያዘም» ብዬ አልጻፍኩም። መጀመሪያ መኖር ያለባቸው ሰዎች በዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን እጠይቃለሁ። ቀጥዬ የተከለከለውን ሆን ብዬ አስገባና ቴስቱ ቀይ ሲሆን በዓይኔ አያለሁ። ሂቦ «ቀዩን ያላየሽበትን አረንጓዴ አትመኚ» ትል ነበር። እኔም ለሌሎቹ ልጆች ስደጋግመው የራሴ አባባል መሰላቸው፤ አላረምኳቸውም።

ሌላም ብዙ አለ፤ ሰው የሚሰለቸው ነገር ነው፣ እኔ ግን እወደዋለሁ። ጽሑፍ ውስጥ መፈለግና ዝርዝር ውስጥ መፈለግ አንድ አይደሉም። ዝርዝርን «ሳል የሚል አለህ?» ብለህ ብትጠይቀው አንዱ መስመር በሙሉ «ሳል» ብቻ ካልሆነ የለም ይልሃል፤ «ደረቅ ሳል» ብሎ ቁጭ ብሎ እንኳ። ጽሑፍ ደግሞ በተቃራኒው ቁርጥራጩን ሁሉ ያነሣል። አንድ ጊዜ በመልእክቶቻችን ውስጥ «ሳል» የሚል ቃል እንዳይኖር ከለከልኩ። ቴስቱ ቀይ ሆነ። ግማሽ ቀን ፈለግኩ፤ የሚያስል ሰው የለም። በመጨረሻ ለሙከራ ያስገባነው ሕመምተኛ ስሙ ሳልህ ሆኖ ተገኘ። ሂቦ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ቆሽቴ አርሮ ሳለ ሳቅኩ።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ይወሰዳል። ሰው በሁለተኛው ወር ሲሻለው ይተወዋል፤ ሲተወው በሽታው ብሶበት ይመለሳል፣ መድኃኒቱንም ይለምደዋል። ስለዚህ ቀጠሮ የሚያስታውስ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም እንድንሠራ ታዘዝን። ጥብቅ ደንብ ነበረው። መልእክቱ በምንም መንገድ በሽታውን እንዳያሳውቅ። በእኛ አገር ስልክ የአንድ ሰው ዕቃ አይደለም። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ባለችው ሀርሺን አካባቢ በተለይ ብዙ ሰው የሚያስመዘግበው የባለ ሱቁን ቁጥር ነው፤ ኔትወርክ በደንብ የሚይዘው እዚያ ነውና። መልእክት ሲመጣ ባለ ሱቁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፤ የተጠራው ሰው ባይኖር የሰማው ይነግረዋል። ይህ ነውር አይደለም፤ መረዳዳት ነው።

ሂቦ ለሥልጠና አንድ ወር አዲስ አበባ ሄደች። ቴስቱ በእኔ እጅ ቀረ። የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር አወጣሁ፤ በሶማልኛ፣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ። የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቶቹ ስም፣ ሳል፣ አክታ፣ ሳንባ፣ አንድ ገጽ ሞላ። እያንዳንዱን አስገብቼ ቀይ ሲሆን አየሁ። መልእክቱ ባዶ አለመሆኑን፣ ስምና ሰዓት መያዙን አረጋገጥኩ። የሳልህንም ነገር አልረሳሁም። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ከመላኩ በፊት አንዲት ነገር ጨመርኩ። የካርድ ክፍል ሰው ነኝና ሕመምተኛ ግቢ ውስጥ «የት ነው የምሄደው?» እያለ ሲንከራተት ይታየኛል። መልእክቱ ላይ የክፍሉ ቁጥር ቢኖር ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። አለቃችንም «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ። ተጨመረ፤ ተላከ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሀርሺኑ ነርስ ፈርሃን ደወለ። ትሑት ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰም። «እባካችሁ መልእክቱን አቁሙልን። ሦስት ሰው ቀርቶብኛል። አንዷ ከመጣች ዘጠኝ ቀኗ ነው።»

«ምን ተፈጠረ? የበሽታ ስም እኮ የለውም!»

«ክፍል ስድስት ይላላ» አለ። «እዚህ ክፍል ስድስት ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን የለም። ብቻዋን አጥር ጥግ ያለች ክፍል ናት፤ መስኮቷ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።»

ሂቦ ከሥልጠና በተመለሰች በሁለተኛው ቀን ነበር። ስልኩን ዘግቼ ስነግራት እጆቿን ከጭኗ ሥር ከታ ሰማችኝ። ከዚያ «ኤዶ፣ ካርድ ክፍል ሳለሽ በወረፋው ፊት ምን ትሉ ነበር?» አለች።

ዘጠኝ ቁጥር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሽታውን በክፍሉ ቁጥር የጠራሁት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ወረፋ የቆመ ሰው ዘጠኝ ቁጥር ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር? ያውቃል እንጂ። ጨዋነታችን ለእኛው ነበር። አንድ ገጽ ቃል ስከለክል ያ ቁጥር አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም፤ ይባስ ብዬ በገዛ እጄ ጨመርኩት። የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ብዬ አለቃችንን ላመካኝ እችል ነበር፤ እሱም ጥሩ ሐሳብ ነው ብሏል። ግን ማንን እሸውዳለሁ?

«ቴስቱ አልዋሸሽም» አለች ሂቦ። «የጠየቅሽውን መለሰልሽ። እኔም ብኖር አሳልፈው ነበር።» እውነቷን ይሁን ልታጽናናኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

መልእክቱን በዚያው ሰዓት አቆምን፤ ሥራውንም ገለበጥነው። የተከለከለ ቃል እየቆጠሩ መሄድ ማለቂያ እንደሌለው ገባን፤ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አስቀድመህ ልታውቅ አትችልም። መልእክቱ መያዝ የሚችለውን ብቻ ወሰንን፤ ስምና «ጤና ጣቢያ ብቅ በሉ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ቴስቱ ከዚህ አንዲት ፊደል ብትተርፍ ቀይ ይሆናል። ያው መልእክት ለክትባቱም፣ ለነፍሰ ጡሯም፣ ለጥርሱም ይላካል። ሌላም ደንብ አወጣሁ። ማንኛውም መልእክት ከመላኩ በፊት በየከተማው ለአምስት ሰው ይነበባል፤ «ከዚህ ምን ገባህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህን ኮምፒውተር አይሠራልህም።

ይህ ሁሉ ለሚቀጥለው ሰው ነው። ዘጠኝ ቀን ለቀረችው ምን ይፈይድላታል? በማግስቱ ከሂቦ ጋር ሀርሺን ወረድን።

ሀምዲ እላታለሁ። ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ሥራዋ የግመል ወተት ንግድ ነው። ከግመል አርቢዎቹ እየተቀበለች መንገድ ዳር፣ ዑመር ከሚባለው ባለ ሱቅ ፊት ለፊት ትሸጣለች። መልእክቱ የመጣው በዑመር ስልክ ነው። ዑመርም እንደ ወትሮው አነበበው፤ «ሀምዲ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጤና ጣቢያ ክፍል ስድስት።» ወተት ሊገዙ የቆሙ ሻይ ቤት ያላቸው ሴቶች ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቷን የነካው የለም።

ቤቷ ስንደርስ ጀሪካን እያጠበች ነበር። ቀጭን ናት፤ ዓይኗ ኮስተር ያለ። እናቷ ምንጣፍ ዘረጉልን። ሂቦ ልታስተዋውቀኝ ስትል አቋረጥኳትና በተሰባበረው ሶማልኛዬ «መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አልኩ።

ጀሪካኑን አስቀመጠች። «አራት ወር» አለች። «አራት ወር ጀሪካን ይዤ ለነርሶቹ ወተት የማደርስ መስዬ ነው ስገባ የኖርኩት። እናቴ እንኳ የሰማችው አሁን ነው። ሁለት ወር ነበር የቀረኝ። ማንም ሳያውቅ ልድን ነበር።»

«ፈርሃን እኮ ከአንቺ ወደ ሰው የሚተላለፍበት ጊዜ አልፏል ብሏል» አለች ሂቦ። «መድኃኒቱን ካቆምሽ ግን ይመለስብሻል። ከፈለግሽ ቤትሽ ድረስ ያመጣልሻል።»

«ነርስ ቤቴ ሲመላለስ ደግሞ ምን ሊሉ ነው? አልሄድም። እሱም አይምጣ።» ወደ እኔ ዞረች። «ይቅርታሽን የት ላድርገው? ያጣሁት ወተት የሚገዛኝን ነው። ከልብሽ ከሆነ ነገ ጠዋት ገበያ ነይና ከወተቴ ጠጪ። ሰው እያየ።»

«እሺ» አልኳት። ወዲያው ነው ያልኩት።

ከግቢው ስንወጣ ሂቦ እጄን ያዘችኝ። «ኤዶ፣ ሁዳዴ አይደለም እንዴ?»

ነው። ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም፤ ታይፎይድ አልጋ ላይ ጥሎኝ እንኳ የቅባት ስም አላነሣሁም። አልረሳሁትም ነበር።

«እኔ ልጠጣላት» አለች። «ለእኔ ምንም አይደለም።»

«አንቺ አልጻፍሽውም» አልኳት።

ጠዋት ከሀምዲ ጎን ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ገበያው ሞቅ ብሏል፤ ከእኛ ፊት ግን ሰው እንደ ጉድጓድ እየዞረ ነው የሚያልፈው። ሻይ ቤት ያላቸው ሁለት ሴቶች ከማዶ ቆመው ያዩናል። ዑመር ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሽማግሌ ነው፣ ፂሙ በሂና የቀላ። ማንበብ ለማያውቅ ሁሉ እያነበበ ደግ የሠራ የሚመስለው ሰው ነው፤ ደግም ነው። እኔም እንደሱ ነበርኩ።

ሀምዲ ኩባያ ሞልታ ሰጠችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። በሽታውን አይደለም፤ እግዚአብሔርን ነው የፈራሁት። ከንፈሬ ላይ አድርሼ ትንሽ ቆየሁ።

ዑመር መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «የሐበሻ ጾም ገብቶ የለም እንዴ?» አለኝ በአማርኛ። «ከመሃል አገር የመጡት አስተማሪዎች ወተት ካቆሙ ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው።»

«ገብቷል» አልኩት።

«አንቺስ? ሙስሊም ነሽ?»

«አይደለሁም። እኔም ጿሚ ነኝ።» ጠጣሁት። እስከ መጨረሻው። ኩባያውን ለሀምዲ መለስኩና «ጨምሪልኝ» አልኳት።

ባዶውን ኩባያ ሳይ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። እሱም አየው። ዞሮ ወደ ሱቁ ተመለሰ። አለቀልን አልኩ በሆዴ። ግን ፔርሙስ ይዞ ወጣ፤ ክዳኑን ከፍቶ ከሀምዲ ፊት አስቀመጠ። «ሙዪው» አላት። «የቤቴም እዚህ ነው የሚቀዳው፣ እንደ በፊቱ።» ከማዶ ከቆሙት ሴቶች አንዷ ሄደች። አንዷ ግን እየተንቀራፈፈች ተሻገረች።

ሀምዲ ቀና ብላ አላየችኝም። የዑመርን ፔርሙስ እየሞላች «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምሄደው?» አለችኝ።

«ሁለት ሰዓት» አልኳት፤ በጆሮዋ፣ ማንም እንዳይሰማ።

ክዳኑን ገጠመችና ለዑመር አቀበለችው። «ነገ ጠዋት ወተት አልይዝም» አለችው። ድምጿ መንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር። «ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ስድስት ነኝ።»